ቅሬ የተሸከማት የአባቴ ጀልባ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ሰው ፊት ማውራትም አይሆንልኝም። ነገር ግን ላሊበላ ውስጥ ከምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ጀርባ ባጃጅ የሚጠግኑ ልጆች አሉ፤ የተሰበረ የባጃጅ አካል ሊለጥፉ ሙጫቸውን በጥብጠው ማድረቂያውን ሲጨምሩበት ሽታው በመስኮት ይገባና አንሶላ በማጠፍበት ያቆመኛል። አፍንጫ የሚወጋ፣ ራስ የሚያዞር ሽታ ነው። ሌላው ሰው ፊቱን አጨማድዶ ያልፋል፤ እኔ ግን ወዲያው የድሮው ግቢያችን ፊቴ ላይ ይመጣና፣ አባቴ ብሩሽ ይዞ ተንበርክኮ «ትንሽ ነው የቀራት» ሲል ይሰማኛል፤ ንዴቴም እንደ ድሮው ይነሳል።

አባቴ ልመንህ አናጢ ነበር። ከተከዜ በላይ፣ በላስታ ተዳፋት ላይ ባለችው ቀበሌያችን አባቴ በር ያልሠራለት ቤት አልነበረም፤ የራሳችን ቤት ግን በር አልነበረውም፣ እናቴ ማታ ማታ ቆርቆሮ ገትራ በድንጋይ ታስደግፈው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ በበጋው መጀመሪያ ለሥራ ሐይቅ ከተማ ወርዶ ሰነበተና ሊመለስ ሲል፣ አንድ ሆቴል ጀርባ ሣር ውስጥ የተጣለች አሮጌ የፋይበር ጀልባ አየ። ባለቤቱ «ከፈለግክ ውሰዳት፣ ቦታ ነው የያዘችብኝ» ቢለው፣ በአይሱዙ ላይ ከሲሚንቶው በላይ አስጭኖ ይዟት መጣ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ከበባት። ከአባቴ በቀር ከመካከላችን ጀልባ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። አያ ደሴ፣ የቅሬያችን፣ ማለት የሰፈሩ ዕድር ዳኛ፣ ጎኗን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉና «ልመንህ፣ ይህን የሚያህል ገበቴ ምን ልታቦካበት ነው?» ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አባቴ አልሳቀም። «ብርቄ ስምንተኛን ስትጨርስ በዚች ነው ወደ ማዶ የምትሻገረው» አለ ወደ እኔ እያመለከተ።

ማዶ ማለት ለእኔ ዘጠነኛ ክፍል ማለት ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ከወንዙ ባሻገር ባለችው ከተማ ብቻ ነበር፤ ተከዜ ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ሞልቶ ሰው አያሳልፍም፣ ሲጎድል ምዝገባው አልቆ ይቆያል። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ልጆች ወንዙ ሳይሞላ በሰኔ ተሻግረው ወይ ዘመድ ቤት ይጠጋሉ፣ ወይ ተባብረው ቤት ይከራያሉ፣ ያልሆነላቸውም ይቀራሉ። እኔ አፌ አይፈታም እንጂ ፈተና አይከብደኝም ነበር፤ መምህሩ የጠየቀውን እያወቅኩ እጄን ሳላወጣ እቀርና ወረቀቱ ሲመጣ ግን ሁሉንም እጽፈው ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል የበለጠ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

የጀልባዋ ሆድ ደህና ነበር። የተበላሸው ላይዋ፣ የሚረገጠው ወለሏ ነው። ሲያዩት ልሙጥና ጤነኛ ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን ይሰምጥና በስንጥቁ ጥቁር ውሃ ይተፋል። አባቴ በመጋዝ ሲከፍተው፣ በላይና በታች ባለው የፋይበር ልባስ መካከል የነበረው እንጨት በስብሶ የጠላ አተላ መስሏል። እኔና ታናሼ ሰናይት በጣሳ እየዛቅን ማውጣት ሆነ ሥራችን፤ ሌሎች ልጆች ገና ጨዋታ ሲጫወቱ እኛ ጀልባ ውስጥ ተደፍተን እንውል ነበር። የሚላገውም የፋይበር ብናኝ እንደ ሳማ ያሳክክ ስለነበር እናቴ የአባቴን ልብስ አጥባ በመጣች ቁጥር ክንዷን እያከከች «እኔን ምን በወጣኝ?» ትል ነበር።

ክረምት ሲገባ አባቴ አዲስ እንጨት ገጥሞ ወለሉን በፋይበር ሙጫ ቀባው። በላስታ ክረምት፣ ጉሙ ከቤት እስከ ቤት በማያሳይበት ጊዜ! ያ ሙጫ ሙቀት ካላገኘ እንደማይደርቅ የነገረው የለም፣ እሱም አልጠየቀም፤ ጠዋት ስንነሳ ወለሉ እንደ ማር ይጣበቃል። ገለባም፣ ዝንብም፣ ላባም ይለጠፍበት ጀመር፤ አንድ ቀን ደግሞ የእናቴ እንቁላል ጣይ ዶሮ ወጥታበት እግሯ ተጣብቆ ግቢውን በጩኸት ሞላችው።

«ልመንህ፣ ዶሮዬን ከመርከብህ አውርድልኝ!» አለች እናቴ ከጓዳ ወጥታ።

«ቀስ በይ፣ ቅቡ እንዳይነሳ!» አላት።

ያቺ ዶሮ ከዚያ ወዲያ እንቁላል መጣል ተወች።

በጋ ሲመጣ አባቴ የተለጠፈውን ሁሉ ፍቆ አነሳና እንደገና ጀመረ። በዚህ ጊዜ የገጠመው ለቤታችን በር ብሎ ያደረቀውን የጥድ ጣውላ ነበር። እናቴ ይህን ባየች በማግስቱ ጎረቤት እየሰማ «የእኔ ቤት በቆርቆሮ ይዘጋ፣ ለገበቴዋ የጥድ በር ይሠራላት!» አለች። እውነትም በር ነበር የሠራላት። በሌላ መንገድ መሥራት አያውቅማ! ጣውላዎቹን አጋጥሞ፣ ባለትልቅ ራስ ሚስማር እንደ ቤተ ክርስቲያን በር በመደዳ በመደዳ መታበት፤ ከዚያ በላዩ ላይ ፋይበሩን አልብሶ ቀባው። ሰው እየመጣ በእጁ ይዳስሰው፣ ያደንቀውም ነበር። አባቴ ደስ ብሎት ሰነበተ።

የበልጉ ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ሰናይት ወጥታበት ብትዘል ወለሉ ሰመጠ። አባቴ ቆሞ አየ፣ ረገጠው፣ ደግሞ ረገጠው። በስተመጨረሻ ሐይቅ ሳለ ለተዋወቀው ጀልባ ነጂ ደወለ፤ የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

«ማነው ሚስማር ምታ ያለህ? እያንዳንዱ ቀዳዳ ውሃ ይጠጣልኮ! አንተ ሰው፣ ቤት መሰለችህ እንዴ?»

ሰባተኛን የጨረስኩት ያኔ ነበር፤ ስምንተኛን ደግሞ ያ የጥድ በር ተነቅሎ ሌላ እንጨት ተፈልጎ፣ ያለ ሚስማር፣ በሙጫ ብቻ እየተያያዘ ሲሠራ ጨረስኩ። አባቴ ሰው ቤት ሥራ መያዝ ሁሉ ተወ። ሰኔ ላይ የክፍል ጓደኛዬ እናት ቤታችን መጥታ፣ ልጇ ማዶ ቤት ልትከራይ እንደሆነና እኔም አብሬያት እንድገባ ብትጠይቅ፣ አባቴ ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ «ጀልባ ያለው ሰው ልጅ ቤት ትከራያለች እንዴ?» አላት። እናቴ «ትሂድ፣ ጀልባዋ ስታልቅ በጀልባ ትመላለሳለች» ብላ ለመነችው፤ እሱ ግን እንደተሰደበ ሰው አንገቱን ደፍቶ መቀባቱን ቀጠለ። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። «ልሂድ» በማለት ፈንታ የምሰሶውን ቅርፊት በጥፍሬ መላጥ ያዝኩ። ጓደኛዬ በዚያው ሳምንት ተሻገረች፣ ወንዙም ሞላ።

ወለሉ ያለቀው ከቅዱስ ዮሐንስ በኋላ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ያማረ ወለል ነበር፤ አልዋሽም። ከግቢያችን እስከ ወንዙ ያለው መንገድ ግን በእግርም የሚያስቸግር ገደላገደል ነው፤ አባቴም ያን ያህል ጊዜ ሲሠራት ማን እንደሚያወርዳት አንድ ቀን አስቦ አያውቅም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው በተሰበሰበበት፣ እኔን አስከትሎ ሄደና እንዲሸከሙለት ለመነ።

«ቅሬ የሚሸከመው ሁለት ነው፤ የሞተና የታመመ» አሉ አያ ደሴ። «ዛሬ ገበቴ ከተሸከምን ነገ የአንዱን ድንጋይ፣ የሌላውን ድርቆሽ ተሸከሙ እንባላለን።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። «ብርቄ ትተኛበታለች።»

«ምኗን ታማ?»

«ሆዷን።»

አያ ደሴ ወደ እኔ ተመለከቱ። «ሆድሽን ያምሻል፣ ልጄ?»

ያን ያህል ዓይን ባንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን ዘጠነኛ ክፍል ያለው ማዶ ነው። «አዎ፣ አያ» አልኩ። እውነትም በዚያች ሰዓት ሆዴን አሞኝ ነበር።

«እንግዲህ ታማለች» አሉና ተነሱ። «በሽተኛ ቆሞ አይጠብቅም፣ ተነሱ እንጂ!»

በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስረው፣ እኔን አዲሱ ወለል ላይ አስተኝተው፣ «ተቀበል! ተቀበል!» እየተባባሉ ቁልቁለቱን ተያያዙት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። በየማሳው ያለው ሰው ደግሞ ነገሩን ስላልሰማ እውነት እየመሰለው ሥራውን ጥሎ ይከተል ጀመር፤ አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች «እኔን ልጄን! ምን ነክቷት ነው?» ብትል ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ጀልባ!» ብሎ መለሰላት። ትንሽ ወረድ እንዳልን አንድ ቄስ አስቆሙንና፣ ማንም ደፍሮ እውነቱን ሳይነግራቸው፣ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ረጅም ጸሎት አደረሱልኝ። ከነጠላዬ ሥር «አሜን» አልኩ። ወንዶቹ ሳቃቸውን ሲውጡ ጀልባዋ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ሳቁ ቆመ። ተከዜ ቀልቶ፣ እየጮኸ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያገላበጠ ይወርድ ነበር። አባቴ ጀልባ ያየው ሐይቅ ላይ፣ በተኛ ውሃ ነው። ይህን ወንዝ ደግሞ ሁላችንም ከሕፃንነታችን እናውቀዋለን፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጀልባዋን ስንዳስስና ስናደንቅ፣ በዚህ ውሃ ላይ እንዴት ትሆናለች ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እስካሁን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

«ልመንህ፣ በዚህ ላይ ነው ልጅህን የምትጭነው?» አሉ አያ ደሴ፣ አሁን ሳይቀልዱ።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ አየና «ይጎድላል» አለ።

ጎደለ። በየጠዋቱ እየወረድን እናየው ነበር፤ ሲጮህ ሰነበተና ቀስ በቀስ ድምፁ ወረደ፣ ዳርዳሩ ጠራ። አባቴ ድንጋይ ያሰረበትን ገመድ ማዶ ላለ እረኛ ወርውሮ ከዳር እስከ ዳር ካስዘረጋ በኋላ፣ እኔን የምሥክር ወረቀቴን ደረቴ ውስጥ እንደከተትኩ ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጦ፣ ገመዱን እየያዘ ይስባት ጀመር። መሐል ላይ ስንደርስ ከሥራችን ተፋጨና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ይገፋል፣ ይጎትታል፣ አትነቃነቅም። በዚህ መሐል አንድ ሰውዬ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ አህያውን እየነዳ፣ በአጠገባችን በእግሩ አለፈና ዞር ብሎ «አያ ልመንህ፣ ልግፋችሁ?» አለ።

ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ውሃው ከጉልበቴ ብዙም አልበለጠም። ወደ ኋላ ሳላይ ተሻገርኩ።

ትምህርት ቤቱ ደርሼ ወረቀቴን ሳሳይ፣ ያገኘሁት መምህር በጨዋ ደንብ «ተዘግቷል፣ እህቴ፤ ለከርሞ በጊዜ ነይ» አለኝ። በጊዜ! ስመለስ አባቴ ወንዙ ዳር ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። ፊቴን አየ። ምን አሉሽ አላለኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፤ ተከታትለን ዳገቱን ወጣን።

ለከርሞ እናቴ ወልዳ ታማ ስለነበር ቤቱ እኔ ላይ ወደቀ። የዚያ ተከታዩ ዓመትም በሌላ ምክንያት አለፈ፣ እንዲሁ እንዲሁ ሲል ቀረሁ። የሰናይት ተራ ሲደርስ አባቴ በሰኔ፣ ወንዙ ገና ሳይሞላ፣ ማንም ሳይጠይቀው ማዶ ሄዶ ቤት ተከራየላትና ዱቄቷን ጭኖ ራሱ አደረሳት። የአህያዋን ጭነት ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ በዚያኛው በኩል ገመዱን እየተቀበለኝ ዓይኑን ወደ እኔ አላነሳም።

ዛሬ እዚያ ቦታ ድልድይ ተሠርቷል። ልጆቹ በክረምት እየተሳሳቁ፣ ስልካቸውን እያዩ ይሻገራሉ፤ ወንዙን ጎንበስ ብሎ የሚያየው እንኳ የለም። ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ጀልባዋ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ናት፤ ቅሬው «አሁን የታመመ የለም» ብሎ እምቢ ስላለ አባቴ የደቦ ጅጌ ጠርቶ፣ ጠላ አጠጥቶ ነው ያስመለሳት። ለእረፍት ስሄድ አንዳንዴ ወጥቼ ወለሏን እረግጠዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ አንድም ቦታ አይሰምጥም። ልጅ ሳለሁ ስናደድ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን የተናደድኩበትን ሰው እየናፈቅኩ ነው የምናደደው፤ ይኸኛው ቶሎ አይበርድም።

አባቴ ባለፈው ክረምት መግቢያ ታሞ ወደ ደሴ ሆስፒታል ሲወሰድ ፈቃድ ጠይቄ መጥቼ ነበር። እንደማይመለስ አላወቅንም። መኪናው ውስጥ አስገብተን ጋቢውን ካስተካከልንለት በኋላ፣ መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን አስወርዶ በእጁ ጠራኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያላነሳውን ነገር አሁን ሊያነሳው ነው ብዬ ተጠጋሁና ጆሮዬን ወደ አፉ አቀረብኩ።

«ብርቄ» አለኝ፣ «ደመናውን እይው እስቲ። ሸራውን ጣል አድርጊባት፤ ወለሏ ዝናብ አይወድም።»