ለሰባቱ ኮከቦች የሠራሁት ሙዚቃ

ላገባት የምፈልጋት ልጅ አባት የዲማ ሊቅ ናቸው፤ ኮከብም ይቆጥራሉ። ስሜንና የእናቴን ስም ጠየቁኝ፣ ትንሽ ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ “አንተ እሳት፣ እርሷ ውሃ። አይሆንም” አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ደብረ ማርቆስ የሙዚቃ አስተማሪ ነኝ። በጣም ተናደድኩ። ያን ሰሞን የፈረንጅ ኦርኬስትራ ለየፕላኔቱ አንድ አንድ ሙዚቃ ሲጫወት በስልኬ ሰምቼ ነበር። ኮከብ ካሉማ ኮከብ አሳያቸዋለሁ ብዬ እሳቸው ለሚቆጥሯቸው ሰባት ኮከቦች ሙዚቃ ጻፍኩ። ሁለት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና ግማሹ የማይጮህ ኪቦርድ ሰብስቤ፣ ያለ ምንም ሀፍረት ኦርኬስትራ አልኩት።

እሑድ ከሰዓት የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሞላ። አባትየው ጭራቸውን ይዘው ፊት ለፊት ተቀመጡ። መሪህ፣ የጦርነቱ ኮከብ፣ ገና ሲጀምር አንድ የአምበር ገበሬ ዱላውን ይዞ ዘሎ መድረክ ላይ ወጣና ፎከረ። ከበሮ መቺዬም እኔን ትቶ እሱን አጀበ። ዙህራ፣ የፍቅሯ ኮከብ፣ ስትደርስ ሰው ሁሉ ስለ ፉከራው ያወራል።

ተስፋዬ ሁሉ መጨረሻው ላይ ነበር። ሰባተኛው ኮከብ ዙሐል ከሁሉም ሩቅ ስለሆነ፣ ነጭ የለበሱ ሴቶች ያለ ቃል እያዜሙ በበሩ ይወጣሉ፤ ድምፃቸው እየራቀ ይጠፋል። ከፊት የምትመራቸው እሷው፣ የምወዳት ልጅ ናት። ግን በእኛ አገር ነጭ ለብሶ እያዜመ የሚሄድ ሰው ይታጀባል እንጂ ተቀምጠው አያዩትም። እናቶች እልል አሉ፤ ሰዉ ነጠላውን አስተካክሎ ተከተላቸው። ይጠፋል ያልኩት ድምፅ አስፋልቱ ላይ ጭራሽ ደመቀ። ባጃጆች በጥሩምባ አገዙ። ማሲንቆ መቺዎቼ ሳይቀሩ ወጡ።

አዳራሹ ውስጥ እኔና አባቷ ቀረን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“የኔታ፣ ኮከባችን አሁንም አይገጥምም?” አልኳቸው።

“የምን ኮከብ? አልቆጠርሁትም እኮ።”

“አልቆጠሩትም?” አልኳቸው።

“ለአዝማሪ ልጄን አልሰጥም ብየ ፊት ለፊት መናገሩ ከበደኝ። በኮከብ አሳበብሁ።”

ስንት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ለሰባት ኮከብ የጻፍኩት ለዚህ ነው! ደሜ ፈላ።

“አሁንስ?”

ባዶውን ወንበር አንድ በአንድ አዩት።

“አሁንማ አዝማሪ አለመሆንህን አየሁ። አዝማሪን ሰው ጥሎት አይሄድም።” ተነሱ። “ሽማግሌ ላክ።”

ጉልበታቸውን መሳም ነበረብኝ። እኔ ግን በሩ ላይ ደረስኩባቸውና፣

“ሙዚቃውስ፣ የኔታ? እንዴት ነበር?” አልኳቸው።

“ሽማግሌ ላክ አልሁህ እኮ” አሉኝ።