በናፍጣና በቤንዚን መካከል የተቀመጡት ሽማግሌ

ለዚህ ጽሑፍ አፈጻጸም ሲባል፣ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «አቶ ያህያ ማህዲ» ማለት የቡሬ ከተማ ነዋሪ የሆኑ፣ በእህል ንግድ የሚተዳደሩ፣ የአንድ በቆሎ መፈልፈያ ማሽን ሕጋዊ ባለቤት የሆኑና ሁለት ሰዎች በተጣሉበት ስፍራ ሁሉ ተጠርተውም ሆነ ሳይጠሩ ተገኝተው ለሁለቱም የሚፈርዱ ሰው ማለት ነው። ይህ ትርጓሜ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኡምሀኒን አይጨምርም፤ እሳቸው የሚፈርዱት ለአንድ ወገን ብቻ ሲሆን፣ ያም ወገን ራሳቸው ናቸው።

አቶ ያህያ በዚህ ግብራቸው ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም የታወቁ ናቸው። ወሰን ሲገፋ፣ ሚስት ስታኮርፍ፣ በሬ የሰው ማሳ ሲገባ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠራቸዋል። እሳቸውም ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው አንደኛውን ወገን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «እውነትህን ነው» ይላሉ። ወደ ሌላው ዞረው ያንኑ ያህል ያዳምጡና «አንተም እውነትህን ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ንብ ከቀፎው ወጥቶ በጎረቤቱ ዋንዛ ላይ ሰፈረ። ባለ ቀፎውም ባለ ዋንዛውም ንቡ የኔ ነው ብለው ዱላ ሲማዘዙ አቶ ያህያ ደረሱ፤ ብዙ አስበውም ንቡ የባለ ቀፎው፣ ማረፉ ግን የባለ ዋንዛው ነው ሲሉ ወሰኑ። ሁለቱም ምን እንዳገኙ ሳያውቁ ተደስተው ተሳሳሙ። ንቡ በበኩሉ ሽምግልናው ሲረዝምበት ወደ ሦስተኛ ሰው ግቢ ሄዶ ነበር።

እንዲህ ያለውን ፍርድ የሚነቅፉ ሰዎች አልጠፉም። ሆኖም ነቃፊዎቹ ሁሉ፣ በራሳቸው ላይ ጠብ ሲመጣ፣ የሚልኩት ወደ እሳቸው ነው።

የበቆሎ መፈልፈያው ማሽን ግን ሽምግልና አያውቅም። እጅግ ከባድ ነው፤ ሁለት ጎማ ቢኖረውም በራሱ አንድ ክንድ ፈቀቅ አይልም። ከአውድማ ወደ አውድማ የሚያዞረው ጎታች ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት የተከራዩት ትራክተር፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ወደ አማቶቹ በመሄዱ ሳይመጣ ቀረ። ማሽኑም ግራሶ ተቀብቶ፣ ቺንጋው ተወጥሮ፣ ሚዜዎቹ እንደ ዘገዩባት ሙሽራ በር ላይ ተገትሮ ሳለ የመፈልፈያው ወቅት አለፈ።

ዘንድሮ ጉዳዩን ይዞ የመጣው ደርበው ነው። ደርበው ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር የሚያርስ፣ በቤቱ አውንጊ፣ በገበያ አማርኛ የሚናገር፣ በሁለቱም ቋንቋ ነገር የማያረዝም ሰው ነው። መንደርተኛው የላከውን ቃል ቆሞ አደረሰ፤ ከኅዳር ሚካኤል ቀጥሎ በሚውለው ሰኞ ማሽኑ አውድማችን ላይ ከተገኘ የመንደሩን በቆሎ በሙሉ እርስዎ ይፈለፍላሉ፤ ካልተገኘ የደምበጫውን ማሽን እንጠራለን አለ። የደምበጫው ማሽን አንድ ጊዜ ከገባ አጎራባቾቹ መንደሮችም ተከትለውት እንደሚሄዱ አቶ ያህያ አላጡትም። ስለዚህ ማሽኑን የሚጎትት የራሳቸው ፒካፕ ለመግዛት ቆርጠው ፍኖተ ሰላም ሄዱ።

በፍኖተ ሰላም የሚሸጡ ብርቱ ፒካፖች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ዘመኑ የተባለ ሰው መኪና ነው። ዘመኑ ድንጋይና አሸዋ የሚያቀርብ፣ ድምፁ ከመኪናው የማይለይ ሰው ሲሆን፣ መኪናው ናፍጣ የሚጠጣ፣ ግራጫ፣ ግንባረ ሰፊ፣ ማለዳ ማለዳ ለመነሣት የሚለመን ነው። ሁለተኛው የራጂያ ነው። ራጂያ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ገዢን ሳያስበው ሁለተኛ ቀሚስ አስለክታ የምትሸኝ። የእሷ መኪና ቤንዚን የሚጠጣ፣ ቀይ፣ ቁልፉ ከመዞሩ የሚነሣ፣ ከቆመበት ሁሉ ወደ ሰርግ የሚሄድ የሚመስል ነው።

ችግሩ መኪኖቹ ላይ ብቻ አልነበረም። ዘመኑና ራጂያ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግቢያቸውን በሚለየው አጥር ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው የኖሩ፣ በመጨረሻም በአቶ ያህያ አማካይነት የታረቁ ናቸው። ከአንዱ መግዛት የሌላውን አጥር መነቅነቅ ነበር። ስለሆነም አቶ ያህያ ግራጫውን ዞረው ዞረው ተመልክተው «ማለፊያ መኪና ነው፣ ይሁን» አሉ። ወደ ቀጣዩ ግቢ ተሻግረውም ቀዩን ተመለከቱና «ማለፊያ መኪና ነው፣ ይሁን» አሉ። ዘመኑ መኪናውን እንደ ሸጠ አውቆ አጠበው። ራጂያም መኪናዋን እንደ ሸጠች አውቃ ወንበሩን አዲስ ጨርቅ አለበሰችው።

ቡሬ ሲመለሱ ወይዘሮ ኡምሀኒ በር ላይ ጠበቋቸው።

«የሙንዲር አባት፣ የትኛውን ገዙ?»

«ሁለቱም ደጎች ናቸው።»

«ደግነታቸውን አልጠየቅሁም። ማሽኑን የሚጎትተው የትኛው ነው?»

«እሱ ገና በእርቅ ላይ ነው።»

ወይዘሮ ኡምሀኒ ማን ከማን እንደ ተጣላ ጠየቁ። አቶ ያህያ ናፍጣና ቤንዚን ሲሉ መለሱላቸው። ወይዘሮዋም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንግዲያ ማሽኑን ሁለት ቦታ ቆርጠው ለሁለቱ ያካፍሉዋቸው ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። የሚያስደንቀው ነገር አቶ ያህያ ሐሳቡን ለጥቂት ጊዜ በቁም ነገር መመልከታቸው ነው።

በመጨረሻ የሚያውቁትን መንገድ መረጡ፤ ሽምግልና ጠሩ። በቅዳሜው ዕለት፣ ፍኖተ ሰላም ዳርቻ ካለ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ሽማግሎች በአግዳሚ ተቀመጡ። ግራጫው በግራ፣ ቀዩ በቀኝ፣ ባለቤቶቻቸው በየፊታቸው ቆሙ። ገበያ የዋለው ሰው ወሬውን ሰምቶ መጣ። ደርበውም የመንደሩን በቆሎ ዕጣ ለማየት በእግሩ መጥቶ ከዳር ቆመ። አቶ ያህያ ሥርዓቱን አስታወቁ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ ሞተርም አያስነሣም።

ዘመኑ ስለ ናፍጣው ተናገረ። ዳገት ሲይዝ እንደማያጉረመርም፣ ወይም ሁልጊዜ ስለሚያጉረመርም ዳገቱ እንደማይታወቅ፣ የድንጋይ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ እንኳ እንደ ቄስ ረጋ ብሎ እንደሚሄድ ገለጸ። ስለ ጭሱ ሲጠየቅ አንገቱን ደፋና ከሽማግሎቹ ፊት መሬት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ራጂያ በተራዋ የእሷ መኪና በቁር ማለዳ እንኳ አንድ ጊዜ ተጠርቶ እንደሚነሣ፣ ጭስም ነቀፋም እንደሌለበት አስረዳች። ለቤንዚን በየማደያው ስለሚያዘው ሰልፍ ስትጠየቅ፣ ሰልፉ ከመኪናዋ ሳይሆን ከዘመኑ የመጣ ነው አለች፤ ዘመኑ ወዲያው ለመቃወም አፉን ሲከፍት ሽማግሎቹ ሥርዓቱን አስታወሱት።

ከዚያ ምስክር ተጠራ። ቢሆነኝ የተባለው መካኒክ ሁለቱንም መኪኖች ፈትቶ የገጠመ ስለሆነ የሁለቱንም ገመና ያውቃል። ናፍጣ ከዝቅተኛ ማርሽ ጀምሮ ጉልበት እንዳለው፣ ከባድ ነገር ለመጎተት እሱን የሚያህል እንደሌለ፣ ነገር ግን ፖምፓው የተበላሸ ዕለት የባለቤቱ ልቅሶ ከሩቅ እንደሚሰማ መሰከረ። ቤንዚን ደግሞ ጥገናው ቀላል፣ ክብደቱም ቀላል እንደሆነ፣ ጭነት በጎተተ ቁጥር ግን በሰው ሰርግ እንደ ተጋበዘ እንግዳ ያለ ዕረፍት እንደሚጠጣ ተናገረ።

አቶ ያህያ ምስክሩን አመስግነው፣ እንደ ደንቡ፣ ሽማግሎቹ እስኪመክሩ ተከራካሪዎቹ ገለል ይበሉ አሉ። ዘመኑና ራጂያ ገለል አሉ። አቶ ያህያ ግን ከዘራቸውን ወደ መኪኖቹ ቀስረው «እነሱም» አሉ። ሽማግሎቹ ተያዩ። የሚቃወም ሰው ግን አልተገኘም፤ ተከራካሪ ባለበት የሚመከር ምክር የለምና። ግራጫው እየተለመነ ተነሥቶ፣ ቀዩም በአንድ ጥሪ ተነሥቶ በአቅራቢያው ካለ ወፍጮ ቤት ጀርባ ሄደው ቆሙ። ሽማግሎቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መከሩ። ምክሩ ረዘመ። መኪኖቹ ተጠርተው በተመለሱ ጊዜ አቶ ያህያ ተነሥተው ፍርዱን አሰሙ፤ ናፍጣው የጉልበቱ ባለቤት ነው፣ ቤንዚኑም የቅልጥፍናው ባለቤት ነው፤ ሁለቱም ክብራቸው እንደተጠበቀ ይታረቁ።

ሕዝቡ እልል አለ። ባለቤቶቹ ተቃቀፉ። አንድ ሽማግሌ ሁለቱንም ኮፈን በየተራ መረቁ። ደርበው ብቻ ሳያጨበጭብ ወደ ፊት ራመድ አለ።

«ጋሼ፣ ደግ ፈርደዋል። እኛ ግን በቆሎ ይፈልፈልልን ነው ያልነ እንጂ መኪና ይታረቅልን አላልነም። ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው።»

ይህን የሰማው ሕዝብ እልልታውን ከመጀመሪያው በበለጠ ድምፅ ደገመው፤ በዚህኛው ግን የሚታረቅ ሰው አልነበረም። አቶ ያህያ ከሕይወታቸው ትልቁን መፍትሔ ያገኙት በዚያች ቅጽበት ነው። ሰኞ ማለዳ ሁለቱም መኪኖች ቡሬ ይምጡ፤ ግራጫው ማሽኑን ይጎትት፣ ቀዩ ይከተል፤ ግዢው በመንገዱ ላይ በተገኘው እውነት ይፈጸማል አሉ። ይህም ፍርድን ከዋርካ ሥር አንሥቶ ለዳገት መስጠት ነበር።

ሰኞ ግራጫው ሳይለመን ተነሣ። ዘመኑ ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጥሮ እስከ ከተማው ዳርቻ ዘፈነ። ማሽኑ ከኋላው ታስሮ እንደ ታቦት በእርጋታ ይከተል ነበር፤ ቀዩ ራጂያንና ወይዘሮ ኡምሀኒን ይዞ ከኋላ ይመጣል። አቶ ያህያ በየትኛውም መኪና አልተሳፈሩም። በአንዱ ቢሳፈሩ ያደሉ ይመስላልና፣ በሁለቱ መካከል በእግራቸው እየሄዱ አቧራውን ከፊት፣ ጥሩምባውን ከኋላ እኩል ተቀበሉ።

ጥቁር አፈር ያለበት ወንዝ ላይ ሲደርሱ ግራጫው ገባ። ገብቶም ቀረ። ከባድ ግንባሩ ጭቃው ውስጥ እየሰጠመ፣ ማሽኑም ከኋላ እየተጫነው፣ ዘመኑ መሪውን ይዞ መሬቱን በስሙ እየጠራ መራገም ጀመረ። ራጂያ ይህን አይታ ሳቀች፤ ስቃም አላበቃችም፣ ቀላሉን መኪናዋን ከድንጋያማው ጥግ አሻግራ ደረቁ ላይ ቆመችና ገመድ ይምጣ አለች። ገመድ መጣ። ደርበውና ሊቀበል የወጣው መንደርተኛ ከኋላ ገፉ፣ ቀዩ ከፊት ሳበ፣ ግራጫውም እንደ ከብት እያገሣ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ገመዱን ለመፍታት ትዕግሥት ያለው ሰው አልተገኘም። ፊት ለፊት ዳገቱ ነበር፤ ቀዩ ከፊት፣ ግራጫው በመካከል፣ ማሽኑ በመጨረሻ ሆነው ተያይዘው ወጡ። ዳገቱ ሲጀምር ቀዩ ጎተተ፤ ሲበረታ ደግሞ ገመዱ ረገበና ግራጫው ከታች ሆኖ የራሱንም የማሽኑንም ክብደት ተሸክሞ ሲገፋ ታየ። ሴቶች ከየማሳው እልል አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ሰርግ መስሏቸው ምርቃት አወረዱ። አቶ ያህያ በገመዱ ጎን እየሮጡ፣ እያላቡ፣ «እውነታችሁን ነው! ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው!» ይሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈርዱት የኖሩት ነገር ጎማ አውጥቶ ዳገት ሲወጣ በዓይናቸው አዩት።

ማሽኑ ፀሐይ ሳትበረታ አውድማው ላይ ቆመ። የደምበጫው ማሽን አልተጠራም። በቆሎው መግባት፣ ፍሬው መዝነብ ጀመረ።

የወቅቱ ጉዳይ እንዲህ ካበቃ በኋላ የአጥሩ ጉዳይ ተነሣ። ራጂያ እኔ ባልኖር ጭቃ ውስጥ ይቀር ነበር አለች። ዘመኑም ዳገቱን ማን እንዳወጣው ገመዱን ጠይቂው አለ። ቃል ቃልን እየጎተተ ሲሄድ መንደርተኛው ክብ ሠራና የአቶ ያህያን ፍርድ ለመስማት ጸጥ አለ። የሚሆነው ነገር ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ እሳቸው ይመጣሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን እንደሆነ ይናገራሉ፣ ሰው ወደ በቆሎው ይመለሳል።

አቶ ያህያ ግን በክቡ ውስጥ አልነበሩም። ወይዘሮ ኡምሀኒ በዓይናቸው ፈልገው አገኟቸውና ለደርበው በአገጫቸው አመለከቱት። በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው የማያውቁት ሽማግሌ ቀዩ መኪና ውስጥ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በመስተዋቱ ጢማቸውን እየተመለከቱ ነበር። ደርበው ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ጋሼ፣ ሰው ፍርድዎን እየጠበቀ ነው።»

«ፍርዱ ግልጽ ነው» አሉ አቶ ያህያ፣ ዓይናቸውን ከመስተዋቱ ሳያነሡ። «ለመጎተት ናፍጣው ይሻላል። ጉልበት አለው፣ ይታገሣል፣ ዳገቱን ያወጣው እሱ ነው። ይህን ንገራቸው።»

ይህ ለደርበው አዲስ ነበር፤ ከአቶ ያህያ አፍ አንድ ወገን ብቻ ሲረታ ሰምቶ አያውቅም ነበርና።

«እንግዲያ ይውረዱ። ወደ ናፍጣው ላድርስዎት።»

አቶ ያህያ የመስኮቱን መዘውር እያዞሩ መስተዋቱን እስከ ላይ ድረስ ዘጉት። ከዚያም ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ አድርገው ጥሩምባውን ተጫኑት፤ አውድማው ላይ የነበረ ዶሮ ሁሉ ተበተነ።