ቃል ሊመልሱ የመጡ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የጠየቀውን ሊመልስ ሲመጣ ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ቦሌ በሚገኘው በራሴ ቤት።

ሦስት ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ትልቋን ልጄን ለአንድ የጎሮ ወጣት የጠየቁኝ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ያኔ ሁለት ጊዜ አመላልሼ በሦስተኛው እሺ አልኳቸው። ቀለበት ከተደረገ ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። አሁን ከግንባር ተመልሶ እናቱ ቤት ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ግማሽ ፊቱ ተቃጥሏል። ልጄ ልታየው ሁለት ጊዜ ሄዳ ከበር መልሷታል።

“እንዲህ ያለ ሽምግልና አናውቅበትም” አሉ ትልቁ። “ቁጭ ብለን እንናገር፣ ቆመን እንናገር፣ እሱም ጠፍቶናል። ልጁ ‘በእኔ ምክንያት ታስራ እንዳትቀር፣ ቃሏን መልሱላት’ ብሎናል።”

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ልጆቼን ቃል ስለማክበር እየገሠጽኩ ያሳደግኩ ሰው፣ ቃሉን ሌላ ሰው ሲያፈርስልኝ ቀለል አለኝ። የሳምንት ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ለወጉ ነው እንጂ መልሱን በልቤ ጨርሼ ነበር።

ልጄ ቀን መሥሪያ ቤት ታይፕ እየመታች ማታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። በዚያ ሳምንት መምህሯ አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ የፍቅር ግጥም አብራሩ ብሎ ሰጣቸው። እኔ እንግሊዝኛን ያስተማረኝ የለም። በምሠራበት የአውሮፕላን ማረፊያ ግምጃ ቤት ውስጥ የዕቃ ሣጥኖች ላይ የተጻፈውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው የተማርኩት። በቤቴም እኔ ያላየሁት የቤት ሥራ ለመምህር አይሰጥም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ አብረን ተቀመጥን።

አሥራ አራት መስመር ነው። አንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ፈለግኩት። ሲገባኝ ግን ወደድኩት። ገጣሚው ከንፈርና ዓይን አያወድስም። ጊዜ መልክን እንደሚወስድ ያምናል፤ እውነተኛ ፍቅር ግን በዚያ እንደማይናወጥ እንደ ምስክር ቆሞ ይናገራል።

“እይ” አልኳት፣ እንደ ልማዴ ጣቴን አንሥቼ። “ፍቅር ማለት ስሜት አይደለም፤ ጽናት ነው። የሚወዱት ሰው ሲጎድል አብሮ የሚጎድል ከሆነ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ይህን ጻፊ።”

እርሳሷን አስቀመጠች። “አባባ፣ ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ለምን ደስ አለዎት?”

ባለቤቴ ከጓዳ ሳቀች። “ያዘችህ! ሽማግሌዎቹን ስትሸኝ ፊትህ እንደ ሙሽራ ሲያበራ አላየሁህም መሰለህ?”

ተቆጣሁ። መልስ ሳጣ መቆጣት ልማዴ ነበር። ልጄ ግን አልደነገጠችም፤ ወደ ወረቀቱ አጎንብሳ ቀስ ብላ ተናገረች። “እኔ አልተለወጥኩም። ግን ምን ይጠቅመዋል? ይህ ግጥም የሚያወራው ስለ ወዳጁ ጽናት ብቻ ነው። ተወዳጁ ለመወደድ ቢያፍርስ? በር ቢዘጋስ? ስለ እሱ አንድ መስመር የለውም።”

ደጋግሜ አነበብኩት። እውነትም የለውም።

እሑድ ጠዋት ኮቴን ለበስኩ።

“የሴት አባት ሄዶ ይለምናል?” አለች ባለቤቴ። “ሰው ምን ይላል?”

“ይበል” አልኩ። ልጄ ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችኝ።

ጎሮ ያን ጊዜ ገና እርሻ ነበር። በጭቃው መሃል ብዙ ተጓዝን። አጥሩ ጋ ስንደርስ እንድትቆይ ነግሬያት ብቻዬን ገባሁ። ልጁ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ድምፄን ሲሰማ ተነሣ፤ ግን ደህናውን ጎን ብቻ ነበር የሰጠኝ።

“ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ አልነገርዎትም?”

“ነግረውኛል። እኔ የምልከው ሽማግሌ ስላጣሁ ራሴ መጣሁ። ልጄን እንድታገባልኝ ነው።”

ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ።

“ደነገጡ” አለኝ።

“አዎ፣ ደነገጥኩ። ነገም ሳልደነግጥ አልቀርም። በሳምንቱ እለምደዋለሁ። ውሸት ልነግርህ አልመጣሁም።”

ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈገግ አለ፤ ያልተቃጠለው ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። “እሷስ?”

“እሷን ራስህ ጠይቃት። አጥሩ ጋ ቆማለች። የዛሬው ሦስተኛ መምጣቷ ነው።”

እጁ ወደ ፊቱ ሄደ፤ ሊሸፍነው ነበር። ከዚያ መልሶ አወረደውና “ትግባ” አለ።

እናቱ ሁለት በርጩማ አወጡና አንዱን በደህናው ጎኑ፣ አንዱን በተቃጠለው በኩል አኖሩ። ልጄ ገብታ ሁለቱንም አየች፤ በተቃጠለው በኩል ሄዳ ተቀመጠች። እኔ የሰርጉን ቀን ከእናቱ ጋር ልነጋገር ወደ ቤት ገባሁ።