ተሰማን ወደ ጋለ ብረት የላክሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም የነገርኳቸው ሩቡን ነው፤ «በአንድ ሰው ላይ ክፉ አስቤ ነበር» ብዬ የሰባት ቀን ጾም ተቀብዬ ወጣሁ። በነጋዴ ዐይን ርካሽ ግዢ ነበር። ሙሉውን የምትሰማው አንተ ነህ፤ ማን እንደሆንክ ባላውቅም።

ነገሩ ከኪንታሮት ይጀምራል። ፊትህን አታኮማትር፤ ያለ መቀመጫ የተፈጠረ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ያኔ ከገጠር ቆዳ እየሰበሰብኩ ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ እሸጥ ነበር። ገዢዬ ተሰማ ነው፤ እንደኔው ከሸዋ የመጣ ወታደር ልጅ፣ አፉ ማር፣ ሆዱ ሬት። በሐረር የቆዳ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዢ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ በላዩ ኩታ ይጣልና ጣት ብቻ ይናገራል። ቀድሞ ብድግ ያለ የተሸነፈ ነው። እኔ ደግሞ ያበጠና የሚደማ ነገር ላይ ነበር የምቀመጠው። ተሰማ አወቀብኝ። ካወቀ ወዲህ ድርድሩን ያስረዝመው ጀመር፤ ጣቴን እንደያዘ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ በቅሎው ጥርስ ያወራል።

«ምነው ወንድምዓለም፣ ተቁነጠነጥክሳ! ጉንዳን ላይ ነው እንዴ ያስቀመጥንህ?»

ገበያው ይስቃል። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ያለውን ተቀብዬ እነሣለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረገኝ። ጠላሁት። ስሙ ሲጠራ እንኳ መቀመጫዬን ያመኝ ነበር።

ያልሞከርኩት የለም። ኮሶ ጠጣሁ፣ ጠበል ገባሁ፣ አንድ ደብተራ ክታብ አሰረልኝ፤ የት እንዳሰረው አትጠይቀኝ። ወር ይተወኝና ይመለሳል። በመጨረሻ ያዳኑኝ አቦከር ሰፈር የሚኖሩ የከተማዋ ነባር ሴት፣ አይ ዘይነባ ናቸው፤ «አይ» በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ገልጬ ላሳይ ብል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ጫት ትቅማለህ?»

«ለገበያው ስል፣ አዎ።»

«ሚጥሚጣስ?»

«አይ ዘይነባ፣ ሐበሻ እኮ ነኝ።»

«እንግዲያስ ሆድህ ድንጋይ ነው፤ የሚያቆስልህ እሱ ነው። ሁለቱንም ተው። ጠዋት ጠዋት ተልባ በጥብጠህ ጠጣ፤ ውኃ አብዛ። ሜዳ ስትወጣ አታምጥ፤ ምጥ ለሴት ነው። ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ውኃ ገንዳ ውስጥ ተቀመጥ። ታገሥ።»

ምን ልክፈል ብል ተቆጡኝ። «ሰደቃ ነው፣ ለአላህ ብዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ የታመመ ሰው ከጠየቀህ አትደብቀው። በማርያምህ ማልልኝ።» ማልኩ።

በሁለት ወር ደሙ ቆመ። እንደ ሰው ተቀመጥኩ።

ዓመት ሳይሞላ ተሰማን ያዘው። ባንድ ጭኑ ዘንበል ብሎ ሲቀመጥ ገና አወቅሁ። ኩታው ሥር ጣቱን ያዝኩና ስለ ዝናቡ አወራሁለት። ጠግቤ አወራሁለት። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ተበቀለ ይባልልኝ ነበር፤ አላቆምኩም።

አንድ ቀን ሸዋ በር አጠገብ ክንዴን ይዞ ከሰው ለየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንተ ድነሃል» አለኝ። «ምን አድርገህ ነው? በልጆቼ ይዤሃለሁ፤ ደሙ ጨረሰኝ።»

«ብረት ነው ያዳነኝ» አልኩት። «ከበሩ ውጭ ግመል የሚያክመው ሰውዬ በጋለ ብረት ነካ ያደርግሃል። ጥርስህን ነክሰህ ቻል፣ ባንድ ቀን ትገላገላለህ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። በኛ ዘንድ መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል ይባላል፤ ለአይ ዘይነባ የማልኩትን ባፈርስም፣ እንዲያ ብዬ ዝም ብል ኖሮ ማንም ሐበሻ ቅር አይለውም፣ ተሰማም አይለውም ነበር። ዝም የምልበት መንገድ ነበረኝ። ለምን ውሸቱን መረጥኩ? ሲሄድ ለማየት ነው። አየሁት፤ እየተንገዳገደ በበሩ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ መረቀኝ።

ቁስሉ መገለ። በሳምንቱ ልጠይቀው ሄድኩ፤ በደረቱ ተኝቷል፣ ቤቱ ይሸታል።

«ሰውዬህስ እጁ ደህና ነው» አለኝ። «እኔ ነኝ ተንፈራግጬ ያበላሸሁበት። አንተ የቻልከውን እኔ መቻል አቃተኝ። አሳፈርኩህ።»

ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ተረዳህ? እሱ እኔን። ምድጃው ላይ ውኃ ይፈላ ነበር። ለብ አድርጋችሁ እጠቡት ማለት ነበረብኝ፤ ምናልባት ያተርፈው ነበር፣ ምናልባት አያተርፈውም፤ አላልኩም። ብናገር «ታዲያ ብረቱስ?» ይሉኛል። በመጀመሪያው ቀን ተናድጄ ነበር ልበል። ልጠይቀው በሄድኩበት ቀንስ ምን ነበርኩ? ንዴቱ ወጥቶልኝ ነበር እኮ። ገበያው ምን ይለኛል ብዬ ሰው አስገደልኩ።

ፍልሰታ ሳይገባ ቀበርነው። በለቅሶው ላይ ሚስቱ ወይዘሮ አመለወርቅ ሰው መሐል በጣቷ አሳየችኝ። «የልብ ወዳጁ እሱ ነበር፤ ሁሉ ሲስቅበት መድኃኒት የጠቆመው እሱ ብቻ ነው» አለች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አመሰገኑኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ተሰማ ክፉ አልነበረም ወይ? ነበር። አሁንም አልወደውም። ግን የሱ ክፋት በጣት ነበር፤ የኔ በእሳት ነው። አላወቅሁም ነበር አልልም፤ አውቅ ነበር። አንተም ይቅር እንድትለኝ አልጠይቅህም፤ ያንተ ቁስል አይደለም።

ይቅርታዋን ለመጠየቅ ወደ አመለወርቅ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አፌን ሳልከፍት ምሳ አቀረበችልኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ለባሌ እንዳሰብክለት እግዜር ያስብልህ» ብላ መርቃ ሸኘችኝ።

በላሁ። አሜንም አልኩ።