በርበሬ የጨሰበት ጠዋት

መጋቢት ገብቶም በልጉ አልመጣም ነበር። ቡታጅራ ላይ ንፋስ ሲነሳ የሚያስቸግረን አቧራው ነው፤ ባለሱቆቹ ዕቃቸውን በላስቲክ ይሸፍናሉ፣ እኛም ከትምህርት ቤት የምንመለሰው አፋችን ላይ ሻርፕ ጠምጥመን ነው። አክስቴ በምትኖርበት የመስቃን ገጠር ግን ንፋስ ሲነሳ ሰው የሚያስበው ስለ እሳት ነው። ሣሩ ደርቋል፣ የእንሰቱ አሮጌ ቅጠል ግንዱ ላይ እንደ ቀሚስ ተንጠልጥሎ ይንኮሻኮሻል፣ ብዙው ቤት ደግሞ የሣር ክዳን ነው።

ስለዚህ እዚያ ማሳ ላይ እሳት የሚለኮሰው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ንፋሱ ሳይነሳ። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ክብሪት ይዞ ማሳ የሚወርድ ሰው ጤነኛ አይመስላቸውም።

ቅዳሜና እሁድን አክስቴ ጋ ነበርኩ። በርበሬዋ ተለቅሞ አልቋል፣ ግንዱም ተነቅሎ ማሳው መሃል ተከምሯል። በሽታ የመታው ስለሆነ ለማገዶ ቤት አይገባም፤ እዚያው መቃጠል አለበት። ሁለት ቀን ጎህ ላይ ወጥታ ንፋሱን አይታ ተመልሳለች። ሰኞ በጎረቤት በሬ ማሳውን የምታሳርስበት ተራዋ ስለሆነ ከእሁድ ማለፍ አልቻለችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በርበሬ እንድለይ አስቀመጠችኝ፤ ቀዩን ለብቻ፣ የሻገተውን ለብቻ። የተበላሸውን ጣይው አለችኝ። የት እንደሚጣል አልጠየቅኩም። ግማሽ ማዳበሪያ የሞላ የሻገተ በርበሬ ተሸክሜ ሄጄ የግንዱ ክምር ላይ ደፋሁት። መቃጠሉ አይቀር ብዬ ነው። እንዲያውም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እሁድ ጎህ ሲቀድ የሚነቃነቅ ቅጠል አልነበረም። አክስቴ፣ ሁለት ወንዶች ጎረቤቶቿና እኔ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘን ክምሩን ከበብነው። እሷ ለኮሰች። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ከዚያ እሳቱ በርበሬዬ ጋ ደረሰ።

ምድጃ ውስጥ የወደቀች አንዲት ፍሬ እንኳ ሰፈሩን ታስነጥሳለች፤ ይሄ ግማሽ ማዳበሪያ ነው። ጉሮሯችን ተዘጋ፣ ዓይናችን አልገለጥ አለ። አንደኛው ጎረቤት እየሳለ አክስቴን "ግንድ እናቃጥል አልሽን እንጂ ድልህ እንሥራ መች አልሽን?" አላት። ሁሉም ቅርንጫፉን ጥሎ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። እሳቱን የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ንፋሱ ከወትሮው ቀድሞ ተነሳ።

ከማሳው በታች የሐጂ ግቢ አለ። ሐጂ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ትልቁን የሣር ቤታቸውን በወጣትነታቸው የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻቸው ቆርቆሮ እናልብሰው ቢሏቸው እኔ እስካለሁ አይሆንም ብለዋል። እሳቱ ደረቁን ሣር ይዞ በቀጥታ ወደዚያ ቤት ወረደ።

ሐጂ አልጮኹም። ገጀራ ይዘው ወጡና ከቤቱ ፊት ያሉትን እንሰቶች መጣል ጀመሩ። ስድስት ዓመት ያደገ እንሰት ግንዱ ውሃ ነው። የሸሸነውም ተመለስን፤ ወንዶቹ የወደቀውን እየጎተቱ እሳቱ ፊት ያጋድማሉ፤ አክስቴና እኔ ካልተቆረጡት ላይ ደረቁን ቅጠል እየገሸለጥን ወደ ኋላ እንወረውራለን። አራተኛው ግንድ ሲጋደም እሳቱ እዚያው እየተንጨረጨረ ቆመ።

ሰው ሁሉ አልሐምዱሊላህ ብሎ ሲቀመጥ ሐጂ አልተቀመጡም። ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። ፍም በንፋስ በርሮ ክዳኑ ውስጥ ከገባ ሳይታይ ግማሽ ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ቤቱ በአንዴ ይያያዛል አሉ። በእጅ መዳሰስ አለበት። የእሳቸው ጉልበት እምቢ ብሏል፣ ወንዶቹ ደግሞ ለአሮጌ ክዳን ይከብዳሉ። ያ የድልሁ ጎረቤት ወደ እኔ ዞረና የከተማዋ ወይዘሮ ትውጣ፣ እሷ እንደሆነች ክብደት የላትም አለ።

መሰላል ተደገፈልኝ። በሆዴ ተኝቼ ሣሩን በመዳፌ እየዳሰስኩ ዞርኩ። ሐጂ ከታች ይሞቃል ወይ ይሉኛል፣ አይ እላለሁ። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ መዳፌ ሞቀ። ሣሩን ፈልቀቅ ሳደርገው የጠርሙስ ቆርኪ የምታክል ቀይ ነገር አየሁ። አክስቴ መሰላሉ ላይ ወጥታ ውሃ በጣሳ አቀበለችኝ። አፈሰስኩበት። ጭሱ እስኪቆም ደጋግሜ አፈሰስኩ።

የሐጂ ፊት ስለማይታየኝ ይሁን አላውቅም፣ እዚያው ተኝቼ ተናገርኩ።

"ሐጂ፣ በርበሬውን ክምሩ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ።"

"አውቄያለሁ" አሉኝ። "እዚህ አገር በርበሬ የሚያቃጥል ሰው የለም። በይ በዚያኛውም በኩል ዳስሺ።"

በዚያኛውም በኩል ዳሰስኩ። እስከ ዙህር ሶላት ድረስ ሦስት ጊዜ አስወጡኝ። ሌላ የሞቀ ቦታ አላገኘሁም።