ጀልባ ቀዛፊዋ አልሞተችም

«እታለም፣ በመርህ ደረጃ እኮ ሴትዮዋ የለችም። ማለቴ፣ ድሮም አልነበረችም። ያልነበረ ሰው ደግሞ ሞተ ተብሎ አይለቀስም፤ በመርህ ደረጃ።»

ይሄ ኢንጂነሩ ነው። ድምፁን እንዳለ ነው ያመጣሁላችሁ። አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ጥጥ ጨምሩበት፣ «ደረጃ» ላይ ሲደርስ አገጩን ወደ ላይ ያንሳ፣ በቃ እሱን ነው። ከተመረቀ ወዲህ ከቤተሰቡ በስሙ የጠራው የለም። ይሄን ሲል የቆመው እህቱ ልብስ ስፌት ቤት መሃል፣ በርጩማ ላይ ነው። የሠርግ ኮቱን ልክ ሊያይ መጥቶ አንዱ እጅጌ ገብቶለታል፣ አንዱ ገና አልተገጠመም፣ ከብብቱ እስከ ወገቡ ስፒል በስፒል ሆኗል። መሮጥ ቢያምረው እንኳ አይችልም። ረዘም አድርጎ መተንፈስም ያስወጋዋል።

እህቱ ደግሞ ስድስት ስፒል በከንፈሯ ይዛ ነው የምትጣላው። ስፒል የነከሰ አፍ ሲቆጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቃሉ ተጨፍልቆ ነው የሚወጣው፣ ግን ይወጋል። ሰፈሩ መርፌ የሚላት ለዚህ ነው። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉም አሉ፣ እሱ ውሸት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አጠገቧ ቆሜ የሰፋችውን በካውያ የምተኩስ እኔ ነኝና እኔን ስሙኝ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካችና በንጹህ አፍ እንዲህ አለችው፦

«አልሞተችም። ራሴ ነኝ ያወጣኋት።»

የሚጣሉት በጌም ነው። አዎ፣ በኮምፒውተር ጌም። ቆይ አትሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

መርፌ አሥረኛ ክፍል እያለች አባታቸው ሞተ። እናታቸው በሽተኛ ነበሩ። ጋራዥ የነበረው አጎታቸው መጣና ሳሎን ቁጭ ብሎ ፈረደ። ከሁለቱ አንዱ ሥራ ይግባ፤ ልጅቷ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት፣ ትማር፤ ወንዱ ስምንተኛን በስንት መከራ ነው ያለፈው፣ እኔ ጋ ይምጣና መፍቻ ያቀብል አለ። ፍርዱ ይሄ ነበር። ልጁ በር ጀርባ ቆሞ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ይሰማል። ያኔ ነው እሷ ብድግ ብላ «እሱ ይማር፣ የእናቴን ስፌት መኪና እኔ እይዛለሁ» ያለችው። አጎትየው ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰች። ማንም አላስገደዳትም፣ የለመናትም የለም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እንዳትጥሏት።

ከዛ በኋላ እየሰፋች አስጠናችው። በልብስ ጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አልጀብራ እየጻፈች። ኢንጂነር የሆነው አንጎሉ ከሰማይ ወርዶለት እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ የሱሪ ገበር ላይ ነው የተጻፈው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለእረፍት ሲመለስ ኮምፒውተር ይዞ መጣ፣ ጌሙ ያለበት። ሰይፍ ታጥቆ አገር ላገር የሚዞር መንገደኛ አለ፣ ያ ማለት እናንተ ናችሁ። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሁሉ ያናግራችኋል፣ እናንተ መልስ ትመርጣላችሁ፣ የመረጣችሁት ነገር ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ይጠብቃችኋል። ኢንጂነሩ ሆዬ ያገኘውን ሁሉ በሰይፍ ይጨርሳል። እሷ ከኋላው የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች፣ ቆይ አትግደለው፣ እስቲ መጀመሪያ ምን እንደሚል ስማው ትለዋለች። እዛ ጌም ውስጥ አንዱ ሰውዬ ለካ ልጁ ጠፍቶበት ነው መንገድ የዘጋው። በሦስተኛው ቀን ኢንጂነሩ ጆይስቲኩን አስረክቧት ወጣ።

ሥራ ይዞ ሌላ ከተማ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ተወላት። ክፍል ሁለትን ብቻዋን ተጫወተችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ መዝገበ ቃላት ጭኗ ላይ ዘርግታ። የፈረንጁን ቋንቋ እዛው ለመደችው። የደንበኛ ልኬት የምትይዝበት ደብተር አላት፤ ከፊት ሲገለጥ «ደረት 96፣ ወገብ 80፣ ከኋላ ላላ ይበል» ይላል፤ ከጀርባው ሲገለጥ «ዘበኛውን ዋሸሁት፣ ሌላ መንገድ አልነበረም» ይላል። አንዷ ደንበኛ ልኬቷን ስትፈልግ በተሳሳተው በኩል ገልጣ «ሌባውን ደብቄ አሳለፍኩት» የሚል አንብባ፣ ጨርቋን አንስታ እንደወጣች አልተመለሰችም።

እዛ ክፍል ሁለት ውስጥ ነው ጀልባ ቀዛፊዋ ያለችው። አሮጊት ናት፣ ነገረኛ፣ ባሻገረቻችሁ ቁጥር የምትሰድባችሁ። «ዛሬም ያንን ቡትቶህን ጎትተህ መጣህ? ጀልባዬ ቆሻሻ መጣያ መሰለችህ?» እሷን ሳስመስል ልብሱን ሊወስድ የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ይቀራል። ወደ መጨረሻው ወንዙ ይሞላና ጀልባዋ ትገለበጣለች። መንገደኛው ነጻ የሆነ እጁ አንድ ነው። ወይ አሮጊቷን ይይዛል፣ ወይ የከተማዋ ሹመት ያለበትን ሣጥን። ሣጥኑን የያዘ ገዢ ሆኖ ግንብ ይገባል። አሮጊቷን ያወጣ ግን የቀረውን ጌም በሙሉ ስም አልባ ሆኖ፣ በተሰነጠቀ ሰይፍ፣ የሰው ሸክም ተሸክሞ ነው የሚገፋው።

መርፌ አላመነታችም። ሣጥኑ ሲሰምጥ ዓይኗን እንኳ አላሸችም። ከዛ ሌላው በሁለት ሳምንት የሚጨርሰውን እሷ አምስት ወር ዳከረችበት፤ በዛ ሰይፍ እንኳን ጠላት ሽንኩርትም አይቆረጥ። ደብተሯ ላይ ያሰፈረችው አንድ ቃል ነው፦ «አወጣኋት።»

ሲያልቅ ጌሙ የመረጥሽው ሁሉ በሚቀጥለው ክፍል ይጠብቅሻል የሚል ጽሑፍ አሳያት። አመነችው። የተጫወተችውን በሙሉ ፍላሽ ላይ ገለበጠች፣ ከገበር ቁራጭ ትንሽዬ ከረጢት ሰፍታ ፍላሹን ከተተችበት፣ አፉን ሰፍታ ዘጋችና ቁልፍ የምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው። አራት ዓመት። ሰው ወርቅ ያስቀምጣል፣ የኛዋ ግን አንዲት አሮጊት አስቀመጠች።

በርጩማው ላይ ከመቆሙ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ኢንጂነሩ ለኮቱ ሊለካ ሲመጣ ክፍል ሦስትን ስጦታ ይዞላት መጣ። የዛን ቅዳሜ ከረጢቷን በምላጭ ተረተረች። ፍላሹን ሰካች። ጌሙ ምን እንደመረጠች አልጠየቃትም። «ከአሥር ዓመት በኋላ» ብሎ ጀመረ። መንገደኛው ካባ ለብሷል፣ ሎሌ እጅ ይነሳዋል፣ ጌታዬ ገዢው ይሉታል። «ካባው ትከሻው ላይ ተሸብሽቧል» አለችና ሁሉንም ትታ በቀጥታ ወደ ወንዙ ሄደች። አሮጊቷ ትሰድባት እንደሁ ብላ ነው።

ወንዙ ዳር ድንጋይ ቆሟል። መዝገበ ቃላት አላስፈለጋትም። ገዢው ሣጥኑን መርጦ የተዋት ጀልባ ቀዛፊ እዚህ አርፋለች ይላል። በዛ የምታልፍ ዓሣ ሻጭ ቆም አለችና መንገደኛው እግር ላይ ምራቋን እንትፍ አለች።

መርፌ ፍላሹ በደንብ አልገባ ይሆናል ብላ ነቀለችው። እፍ አለችበትና መልሳ ሰካችው። ሦስት ጊዜ እንደዛ አደረገች። ሦስት ጊዜም ድንጋዩ ቆሞ ጠበቃት። ዘግታው ተነሳች። የዛን ቀን፣ ሳውቃት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የግራ እጅጌ ቀኝ ላይ ሰፋች።

እንግዲህ ወደ በርጩማው እንመለስ። ኢንጂነሩ በስፒል ተወጥሮ ያስረዳታል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሁለት ታሪክ ይዘው መቀጠል አይችሉም አላት፤ ብዙው ተጫዋች የያዘው ሣጥኑን ነው፣ ስለዚህ እውነቱ እሱ ይሁን ብለው ወሰኑ። ለብዙሃኑ እንዲቀል። በመርህ ደረጃ።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

ያውቅ ነበር። ቀድሞ ጨርሶታል። ደስ ይበላት ብሎ ነው፣ ደግሞ ሥዕሉ በጣም ተሻሽሏል።

«አዎ» አለች፣ እጅጌውን ትከሻው ላይ እያመቻቸች፣ «ድንጋዩ ቆንጆ ሆኖ ነው የተሠራው።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ እኮ ጌም ነው ብለን እንለያይ ነበር። ግን እጮኛው ገባች። ደግ ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም፣ ክፉ ብትሆን ይሄን ያህል ባልጎዳች። የኢንጂነሩ መሥሪያ ቤት መጽሔት ላይ ፎቶው ወጥቶ፣ እትዬ እርስዎ ሳይሰሙት ማን ይስማው ብላ እየሮጠች ነው የመጣችው። መሃል ቆማ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች፦

«ወጣቱ ኢንጂነር ያደገው በችግር ነው። ታላቅ እህቱ ትምህርት ስላልሆነላት በጊዜ አቋርጣ ወደ ልብስ ስፌት ስትገባ፣ እሱ ግን በራሱ ጥረት…»

«ግን» ላይ ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ። ቀና ብላ ሁላችንንም አየችን። እኔ ካውያዬን የሰው ሸሚዝ ላይ ረስቼው ኖሮ ሽታው ነው ያባነነኝ።

ኢንጂነሩን ማየት ነበረባችሁ። የእናቴ መቀነት ጠለፈኝ ይባል የለ፤ መቀነቱ ሁሉ ያኔ ወጣ። ጋዜጠኛው ነው ያሳጠረው። ታሪኩ ረጅም ነው፣ ለአንባቢ አይገባም። ደሞ እውነቱን ሁሉም ያውቃል።

«ማነው ሁሉም?» አለች መርፌ። አልጮኸችም። «እናታችን የለችም። አጎታችን የለም። የቀረ ቢኖር በር ጀርባ የቆመው ነው።»

ኢንጂነሩ አገጩን ወደ ኮቱ ዝቅ አደረገ።

«የኔንስ ድንጋይ የት ነው ያቆምክልኝ?»

አንድ እጅጌ ያለው ሰው ሲያፍር ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም፤ ሙሉ ልብስ ከለበሰው ይብሳል። ከሠርጉ በኋላ አስተካክላለሁ፣ በሚቀጥለው እትም እናገራለሁ አለ። እሷ ስፒሎቹን መልሳ አፏ ውስጥ ከተተችና እጁን እንዲያነሳ በአገጯ አመለከተችው። አነሳ። እጮኛው መጽሔቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

ኮቱ ሐሙስ አለቀ። የተኮስኩት እኔ ነኝ፣ እንከን ብፈልግ አጣሁበት፤ እንደዛ ያለ ኮት ሰፍታ አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። መርፌ የሰፋችውን ሁሉ፣ የሰፈር ልጅ ቁምጣም ቢሆን፣ ከውስጥ ኪሱ ጥግ ሁለት ቀይ ስፌት ታሳርፍበታለች፣ ማን እንደሰፋው እንዲታወቅ። ይሄኛው ላይ የለም። ረሳሽው ወይ አልኳት።

«ታሪኩ ረጅም ነው» አለች። «አሳጥሬለት ነው።»

እኔው አደረስኩለት። ኪሱን ከፍቶ ሲያይ ቆሜ ጠበቅሁት። አየ፣ ዘጋ፣ እታለም ደህና ናት አለኝ፣ ደህና ናት አልኩት። ሠርጉ አለፈ። መጽሔቱም በወሩ ወጣ፤ ስለ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አሳንሰር ነው የሚያወራው፣ ገጽ በገጽ አገላብጬዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍላሹን ለክፍል ሁለት መልሳ ሰካችው። አሮጊቷ ጀልባዋ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ደህና። «ዛሬም ያንን ቡትቶህን ጎትተህ መጣህ?» አለች። መርፌ ተሻገረች። ተመለሰች። እንደገና ተሻገረች። ወዲያ ማዶም የሚሠራ ነገር የለም፣ ጌሙ አልቋል፤ ስድቡን ልትሰማ ብቻ ነው።

አንጀቴን በላችው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ የወረድኩ ሰው ነኝ፣ ግን መጽሔት የጻፈውን መጽሔት ያልሆነም ይጽፈዋል ብዬ፣ ካውያው እስኪግል ድረስ ይሄን ሁሉ በደብተሯ ጀርባ ጻፍኩት፤ «አወጣኋት» ካለው ቀጥዬ። የመጨረሻው ላይ ትንሽ አሳመርኩላት። ኢንጂነሩ ያንን ኮት ለብሶ ይመጣል፣ በሩ ላይ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እታለም አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ ብሎ ጉልበቷ ላይ ይወድቃል። ስጽፈው ራሴ አለቀስኩ።

ደብተሩን ለልኬት ፈልጋ ስታነሳው አየችው። ቆማ፣ ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች፣ እስከ ታች አነበበችው። «በሩ ላይ ይቆማል» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«መጥቷል እንዴ?» አለችኝ።

አልመጣም፣ ግን ቢመጣ ብዬ ነው እትዬ፣ ለአንባቢ ደስ እንዲል ብዬ ነው አልኳት።

ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች፣ በሩን፣ ኮቱን፣ ጉልበቱን አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። አሮጊቷ ከጀርባዋ ስክሪኑ ላይ ሆና ተሳፈር አትሳፈር እያለች ትሳደባለች።

«አንቺም ልትመርጪልኝ ነው?» አለችኝ። «በቃ፣ ተይ። አትጻፊ።»