ቅቤ የበላው ማዳመጫ

ሞጣ ከምትገኘው ትንሽ ራዲዮ ጣቢያ ሥራ የገባሁ ዕለት አብዱ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አጠለቀልኝ። አብዱ የጣቢያው ቴክኒሻን ነው፤ ከወሎ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ "ይናገሩ እማማ" አለኝ በእጁ ምልክት።

"ምን ልናገር?" ስል አንዲት ሴትዮ ጆሮዬ ሥር እኩል "ምን ልናገር?" አለች። ዘወር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

"አንቺ ማነሽ?" አልሁ። እርሷም አብራኝ ጠየቀች።

አብዱ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ገባ። "እርስዎ ነዎት እኮ እማማ ደብሪቱ። ሰው የሚሰማዎት እንዲህ ነው።"

"ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ እየጮህሁ ነው የኖርሁት?"

"እኔን አይጠይቁኝ፤ እኔ ከእርስዎ ጋር ስሠራ ገና ዛሬ ነው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ልጆቼ ለዚህ አብዱን እስከ ዛሬ ይመርቁታል።

እኔ የቢቸና ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ አዝዬ ነው። እግሬ ግን አያርፍም። ዛሬ የጥኖራ ገበያ፣ ነገ አምበር ለቅሶ፣ ከነገ ወዲያ ሞጣ ያገባች ልጄ ቤት። ሞጣ ሳለሁ የሴቶች ፕሮግራም ላይ በእንግድነት ተጠራሁና ማዳመጫ ሳላጠልቅ ስለ ድሮ ሠርግ ሳወራ ሰዓቱ አለቀ። በሳምንቱም አላለቀልኝም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ውበቱ "ይችን ሴትዮ ከማስወጣት መቅጠር ይቀላል" አሉ ተብሎ ተነገረኝ። ማዕረጌ ተባባሪ አዘጋጅ ሆነ። ሥራዬ መቅረጫ በትከሻዬ አንጠልጥሎ ገጠር ለገጠር መዞር፣ ቅዳሜ ደግሞ ሴቶቹን ስቱዲዮ አምጥቶ በቀጥታ ማነጋገር ነበር።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ማይክ ሲከፈት የስቱዲዮው ድምፅ ማጉያ ይዘጋል። ካልተዘጋ ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ ይጠጣና ቤቱን በፉጨት ያናጋዋል። እንግዲህ የደወለ ሰው ምን እንዳለ የሚሰማው በማዳመጫ ብቻ ነው። ማዳመጫ ያላጠለቀ እንግዳ ስቱዲዮ ተቀምጦም ከጨዋታው ውጪ ነው፤ የተጠየቀውን ከፊታችን ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ያኔ ሞባይል ገጠር መግባት የጀመረበት ጊዜ ነው። ሰው መደወል ወደደ። የኛም ቅዳሜ ደመቀ። ማዳመጫዎቻችን ግን አላቂ ሆኑ።

መጀመሪያ የጆሮ ትራሳቸው ይላጣል። ጥቁር ቅርፊት እየተነሣ ጆሮና ጉንጭ ላይ ይለጠፋል። ስንቅነሽ የምትባል፣ ድምጿ ለስላሳ፣ ምላሷ ግን ሹል የሆነች የሞጣ ዙሪያ ገበሬ ነበረች፤ አድማጭ ከሁሉ አስበልጦ የሚወዳት እርሷን ነው። አንድ ቅዳሜ ቤቷ ስትገባ ባሏ አያት አያትና "ራዲዮ ጣቢያ ነው ከሰል ተራ የዋልሽው?" አላት። እርሷም ይህንኑ በሳምንቱ በራዲዮ አወራችበት።

ቀጥሎ ትራሱ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ይሟሟል። ከዚያ አንደኛው ጆሮ ዝም ይላል። ከዚያ ገመዱ በፕላስተር ይታሰርና፣ አንዱ በጣቱ ጎበጥ አድርጎ ካልያዘው ሌላው አይሰማም።

አብዱ አንዱን ፈቶ ከውስጡ ያለውን በጣቱ ጠረግ አደረገና አሸተተው። ወደኔም አቀረበው። እኔም አሸተትሁ።

"ቅቤ" አልሁ።

"ለጋ ቅቤ" አለ።

ነገሩ ይህ ነው። የኛ ሴቶች ራዲዮ መጠራትን እንደ ሠርግ ነው የሚያዩት። ቅዳሜ ሊመጡ ዓርብ ሹሩባ ይሠራሉ፣ አናታቸውን በቅቤ ይለብጣሉ። ፀሐይ እየመታቸው ሞጣ እስኪደርሱ ይቀልጥና በጆሯቸው ጀርባ ይወርዳል። በዚያ ላይ እኛ ማዳመጫ እንጭንበታለን።

አብዱ ስንቅነሽን "እህቴ፣ ራዲዮ እኮ አያሳይም" አላት።

"አያሳይም። እኔ ግን አምሬ ካልተቀመጥሁ ቃሉ አይመጣልኝም። አንተ ፀጉርህን ተላጭተህ የምትሠራው ማን አይቶህ ነው?"

ሻሽ አስረው እንዲገቡ ሞከርን። ሻሹ ወፍራም ነው፣ ቋጠሮም አለው፤ ማዳመጫው ጆሮ ላይ አልገጥም አለ። በክፍተቱ ድምፅ እየሾለከ ማይክ ውስጥ ገባና ስቱዲዮው አፏጨ። የደወለው ሰውዬ "ምን ጉድ ነው፣ ባቡር መጣ?" ብሎ ዘጋው።

አቶ ውበቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ከበላያቸው ቦርድ አለባቸው፤ ቦርዱ ደግሞ ስለ ማዳመጫ በየስብሰባው ይጠይቃቸዋል። ጠሩን።

"እማማ፣ አንድ ጊዜ እንገዛለን። የመጨረሻ ነው። እነዚያም ክረምቱን ካልወጡ የገጠር ሴቶች ከላይቭ ይቀራሉ። እርስዎ ቤታቸው ሄደው ይቀርጿቸዋል፣ እኛ ቆርጠን እናቀርባለን።"

"ቆርጣችሁ?"

"ኤዲት አድርገን ማለቴ ነው።"

"አቶ ውበቱ፣ ስንቅነሽ ተቆርጣ ምን ትሆናለች? ጨዋታዋ መልስ ላይ ነው። ሰው ሲነካት ነው የምታምረው።"

"አውቃለሁ። ስለዚህ ደህና አድርጋችሁ ምረጡ። አብዱ ሽቦውን ያውቃል፤ እርስዎ የሚጠለቅበትን ራስ ያውቃሉ። አብራችሁ ሂዱ።"

በማለዳው ሚኒባስ ባሕር ዳር ወረድን። መቅረጫዬን ይዣለሁ፤ ውስጡ ስንቅነሽ ቤቷ ደጃፍ ጥጥ እየፈተለች ያወራችው አለ። ዘንቢሌ ውስጥ ደግሞ በቅጠል የተጠቀለለ ትንሽ ቅቤ። ቅቤውን ለአብዱ አልነገርሁትም።

የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት ወጣት ነው፤ ማዳመጫዎቹ እንደ ሙሽራ ያብለጨልጫሉ።

"ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የሚወዱት እናቴ?"

"ሙዚቃ አይደለም ልጄ። ሰው ነው የምሰማበት።"

"ለሁሉም ይሆናል። ቤዙ ደረት ይመታል!"

"ደረቴ ምን በደለ?"

አንድ ዘፈን ከፈተልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ትከሻዬን ነቀነቀው። ልገዛ ተነሣሁ። አብዱ ግን የገመዱን ጫፍ ነቅሎ መቅረጫዬ ላይ ሰካው። ስንቅነሽ ጋን ውስጥ ገብታ የምታወራ መሰለች። እንዝርቷ ጠፋ፣ የቃሏ ጫፍ ሁሉ ተበላ። ዘፈን ሁሉን ያስውባል፤ ማዳመጫው የማውቀውን ሰው ድምፅ ሲያበላሽ ግን ወዲያው ገባኝ።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ቀላል፣ ራስ ላይ መኖሩ የማይታወቅ ሰጡን። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አብዱ "አንድ ጊዜ ልውጣ" አለና በሩ ላይ ቆሞ "እማማ፣ ስንቅነሽ ስለ ባሏ ነው አይደል የምታወራው?" አለኝ። ከደጅ እየሰማ! ይህ ማይክ አጠገብ ቢሆን ያፏጫል። ተውነው።

ሦስተኛው ሱቅ ጠባብ ነው። ባለቤቱ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ሰው። ከመደርደሪያ ሥር ጥቁር፣ መልከ ጥፉ ማዳመጫ አወጣ። ጆሮን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ስንቅነሽን ከፈትሁባት። እንዝርቷ ሲሾር ሰማሁ። ምራቋን ስትውጥ ሰማሁ። ከወዲያ ማዶ ዶሮዋ ጫጩቶቿን ስትጠራ ሰማሁ። አብዱ ደጅ ወጥቶ ተመለሰ፤ ምንም አልሰማም።

"ድምፁ ይህ ነው" አልሁና ቅቤዬን አወጣሁ።

"ምንድን ነው እናቴ?" አለ ባለሱቁ።

"ቅቤ ነው። ትራሱ ላይ ትንሽ ልቀባውና እንየው።"

"ኧረ ይህ ዳቦ አይደለም!"

አብዱ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። "እማማ፣ ቅቤ እኮ አሁን አይበላውም፤ ወር ይፈልጋል። ወር እስኪሞላ እዚህ እንቀመጥ?"

አፈርሁ፣ እኔም ሳቅሁ። ቅቤ ለምን እንደያዝሁ ለባለሱቁ ከሥር ከመሠረቱ አጫወትሁት። ሰምቶ ሲጨርስ ትራሱን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረገው፤ እንደ ክዳን ወለቀ።

"እናቴ፣ ይህ ቆዳ መሳይ ላስቲክ ነው። ቅቤም፣ ላብም፣ የፀጉር ቅባትም ይበላዋል። የማይበላው አለ የሚልዎት ካለ ይዋሻል። ይህ ግን ይወልቃል። ሲበላ ሌላ ትራስ ያደርጉለታል። ከላዩ ስስ ጨርቅ ቢያለብሱት ደግሞ ይቆይልዎታል።"

አብዱ ገመዱን ሳበው፤ እርሱም ከጆሮው ላይ ተነቀለ። ገመዱ ቢበጠስ ገመድ ብቻ ይቀየራል ማለት ነው። አናቱ ላይ ያሉትን ብሎኖች በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ። "ወላሂ፣ ይህን የሠራው ሰው እንደሚሰበር አውቆ ነው" አለ። እርሱን ገዛን፤ ትርፍ ትራስና ትርፍ ገመድ ጨምረን። ቅቤውን ለባለሱቁ ሚስት ሰጠሁት።

ሞጣ ተመልሼ ለትራሱ ልብስ ሰፋሁለት። መጀመሪያ ከጋቢ ቁራጭ፣ ደርቤ። አብዱ አጠለቀና "ስንቅነሽ ብርድ ልብስ ተከናንባለች" አለ። ቀደድሁት። ሁለተኛውን ካረጀ ነጠላዬ፣ አንድ እጥፍ ብቻ፣ ዙሪያውን ላስቲክ አስገብቼ እንደ ሕፃን ቆብ አደረግሁት። ገጠመ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ንጹሕ ይለብሳል፤ ያደፈውን ወስጄ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ስንቅነሽ እንደ ልማዷ ቅቤዋን ለብጣ መጣች፤ እንዲያውም ያን ቀን ሳይብስባት አልቀረም። አቶ ውበቱ ከመስተዋቱ ወዲያ፣ አብዱ ጀርባ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። አንድ ጊዜ ቢያፏጭ፣ አንድ ጥያቄ ቢያልፋት፣ ነገሩ ማለቁ ነው።

የመጀመሪያው ደዋይ ከቢቸና ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ መስመሩም ደካማ፤ እኔ ራሴ በጭንቅ ነው የሰማኋቸው። ስንቅነሽን አየኋት። ማዳመጫውን በእጇ ጫን አድርጋለች። በጨርቁ ምክንያት ያልሰማች መሰለኝና ልደግምላት አፌን ከፈትሁ።

እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

"አባባ፣ 'ድምፅሽ የልጅ ነው፣ አግብተሻል ወይ' ነው ያሉኝ?"

"እ፣ እንዲያ ነው ያልሁሽ" አሉ ከወዲያ።

"የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ደግሞ ከጀርባዎ አንዲት ሴትዮ 'ዝጋው ይህን ስልክ' ስትልዎት ይሰማኛል። ለእርሷ ያቀብሉኝ፤ ቁም ነገር ያለኝ ከእርሷ ጋር ነው።"

የሴትዮዋን ድምፅ እኔ አልሰማሁም ነበር። ስልኩ ውስጥ ግርግር ሆነና ሚስትየው ቀረቡ። ሁለቱ የሽማግሌን ጉድ ሲያወሩ ሰዓቱ አለቀ። ፉጨት የለም። ከመስተዋቱ ወዲያ አቶ ውበቱ ከሳቅ ብዛት በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቁን።

"የሚመጣው ቅዳሜ ማንን ነው የምታመጡት?" አሉ።

ክረምቱ ወጣ። ሌላም ክረምት ወጣ። ትራሱን ደጋግመን ለወጥን፣ ገመዱንም ለወጥን፤ ያ መልከ ጥፉ ማዳመጫ ግን ጉልበቴ ደክሞኝ ሥራውን እስከተውሁ ድረስ ይሠራ ነበር። ሴቶቹም ከነቅቤያቸው ይገቡ ነበር።

አሁን ስቱዲዮ የምትገቡ ልጆች ማዳመጫ ስትገዙ በምታውቁት ሰው ድምፅ ፈትኑት፤ በዘፈን አትፈትኑት። ከውጭ አንድ ሰው አቁማችሁ የሚሾልክ ድምፅ እንዳለ ጠይቁት። የማይበላሽ የሚባል ዕቃ የለም፤ የሚበላሸው ክፍል የሚወልቀውን ግዙ።